መርዶ በስልክ ያረዱት ሲስተር ዘውድነሽ ኪዳነወልድ

ሲስተር ዘውድነሽ ኪዳነወልድን ለመሸኘት ከናዝሬት፣ ከቆቃ፣ ከመቂና ከደራ የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ ሟቿ ረጅም ንግግር እንደማይወዱ ታውቃላችሁና ሕይወታቸውን ሳናስረዝም ለማንበብ እንሞክራለን፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ማስረዘማችን አይቀርም፤ እሱም በራሳቸው ትእዛዝ ነው።

ሲስተር ዘውድነሽ ከአባታቸው ከአቶ ኪዳነወልድ ኃይሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ወልደሰንበት መስከረም 21 ቀን 1957 ዓ.ም. በቆቃ ተወለዱ። አባታቸው ከመንዝ መጥተው በግድቡ የውሃ መዝጊያ ላይ ተቀጥረው የሚሠሩ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ ከሐይቁ የሚወጣውን ዓሣ ጠብሰው ለመንገደኛ ይሸጡ ስለነበር፣ ዓሣ ጾም ይገድፋል አይገድፍም በሚለው የቆየ ክርክር ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ አይገድፍም ከሚሉት ወገን ጸንተው ቆመዋል።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቆቃ፣ የሁለተኛ ደረጃውን ናዝሬት አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ከጨረሱ በኋላ፣ አሰላ በነርስነት ሠልጥነው በ1978 ዓ.ም. መቂ ጤና ጣቢያ ተመደቡ። ኦሮምኛን አጣርተው መናገር የቻሉትም፣ ሰውን ማስታገሥ ብቻ ሳይሆን መቆጣት የተማሩትም እዚያ ነው። የሽንኩርት ደላሎች መኪና ሊያመልጠን ነው እያሉ ወረፋ ለመዝለል ሲሞክሩ፣ “እዚህ የሚጫን ነገር የለም፤ ከኋላ ቁም!” የሚለው ድምፃቸው እስከ ገበያው ይሰማ እንደነበር፣ ዛሬ በመካከላችን ያሉ፣ ያኔ የተቆጧቸው ሰዎች ይመሰክራሉ።

ባለቤታቸውን አቶ ሰብስቤ ተፈራንም ያገኙት በዚሁ ወረፋ ላይ ነው። አቶ ሰብስቤ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ሲሆኑ፣ ሁለት ጊዜ ወባ ይዟቸው ታክመው ከዳኑ በኋላ በሦስተኛው ያለ ወባ መጡ፤ ሲስተር ዘውድነሽም ሕመሙን ወዲያው ለዩት። በ1982 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ይትባረክንና ሃኒን ወለዱ። ቤተሰቡ ወደ ናዝሬት ከተዛወረ በኋላም ሲስተር ዘውድነሽ በከተማችን ሆስፒታል የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ውስጥ ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ለይቶ ማከሚያ ማዕከል ተከፈተና እሳቸውም ወደዚያ ተላኩ። ቤተሰብ ከበሩ እንዳያልፍ ተከልክሎ ስለነበር በውስጥ የሚሆነውን ለውጭ የሚናገር ሰው አስፈለገ። ባልደረቦቻቸው በዚህ ጊዜ ያሳዩት ትሕትና የሚያስደንቅ ነበር፤ እያንዳንዱ ሌላው ከእሱ የተሻለ አንደበት እንዳለው ሲመሰክር ቆይቶ፣ በመጨረሻ ስልኩ ለሲስተር ዘውድነሽ ተሰጠ።

እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎረቤትና ሽማግሌ ተጠራርቶ በማለዳ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፉት ክንዶች አስቀድመው ከጎኑ ይቆማሉ፤ ቃሉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲስተር ዘውድነሽም ይህን ሥርዓት በወረርሽኝ መካከል ለመጠበቅ ሞከሩ። አንድ ሰው ሲያርፍ ለአንድ የቅርብ ዘመድ ብቻ ይነግሩና፣ ሽማግሌ ይዞ ወደ ሟቹ ቤት እንዲሄድ ያደርጉ ነበር፤ ከዚያ በፊት የቤቱ ሰው ቀድሞ ከደወለ ግን፣ ሁላችንም እንደምንለው፣ “ትንሽ ደክመዋል” ይሉ ነበር።

የደራው ባለሱቅ አቶ ኡበይደላ ባረፉ ዕለትም እንዲሁ አደረጉ። እዚሁ ናዝሬት ለሚኖሩት ለወንድማቸው ለአቶ ሽኩር ነገሩ፤ አቶ ሽኩርም ከተፈቀደላቸው ጥቂት ሰዎች ጋር ቀብሩን አስፈጽመው፣ ለሟቹ ባለቤት ለወይዘሮ ኡሙሰልማ ሊያረዱ ሽማግሌዎች ይዘው ወደ ደራ ተነሡ። በመካከሉ ወይዘሮ ኡሙሰልማ ራሳቸው ደወሉ። ሲስተር ዘውድነሽም “ትንሽ ደክመዋል፤ አቶ ሽኩር ወደ እርስዎ እየመጡ ነው፤ እዚያው ይጠብቋቸው” አሉ። ወይዘሮ ኡሙሰልማ ግን ደከመ የተባለ ሰው የሚያስፈልገው ምግብ ነው ብለው፣ የሠሩትን ሾርባ በፔርሙዝ ሞልተው ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሐዘን ይዞ የሚሄደውና ሾርባ ይዞ የሚመጣው መኪና መንገድ ላይ ተላለፉ።

ወይዘሮ ኡሙሰልማ ከማዕከሉ አጥር ውጭ ቆመው፣ “ሳይበርድ ስጡልኝ እንጂ እኔ ልግባ አላልኩም፤ ምነው ሲስተር?” እያሉ ሲለምኑ፣ ሲስተር ዘውድነሽ ያን ሰው ከሰው የማይለይ መከላከያ ልብስ እንደለበሱ ወጥተው፣ ከዚያ እንዳይጠጉ በታዘዙበት ርቀት ላይ ቆመው ነገሯቸው። ሌላ የሚነግር አልነበረም። ወይዘሮ ኡሙሰልማ በአጥሩ ሽቦ ላይ ተንጠልጥለው ሲጮኹ፣ ሲስተር ዘውድነሽ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው አጠፉት።

ከዚያ ዕለት ወዲህ “ደክመዋል” ማለትን ተዉ። ደውለው በመጀመሪያ “ከማን ጋር ነዎት?” ብለው ይጠይቃሉ፤ ሰሚው ብቻውን ከሆነ ሰው እንዲጠራ፣ ቁጭ እንዲል ያደርጋሉ፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን ይናገራሉ። ለሰው ያሰቡት መልካም ነገር ነበር፤ ነገር ግን ወሬው በከተማው ስለተዳረሰ፣ “ከማን ጋር ነዎት?” የሚለው ጥያቄ ራሱ መርዶ ሆነ፤ ሰዎች እሱን እንደሰሙ መጮኽ ጀመሩ። ልበ ደረቅ ናት ያላቸውም ብዙ ነው። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ እንኳ በመንገድ ሲያዩዋቸው የሚደነግጡ ነበሩ፤ የሠፈራችን ሴቶችም ከጥሩ ልብ ተነሥተው፣ “ሲስተርዬ፣ ስትመጪብን ከምሳ በኋላ ይሁንልን፤ በማለዳ በር ስታንኳኪ ነፍሳችን ትወጣለች” ብለው ለመኗቸው። እሳቸውም ሣቁና እሺ አሉ፤ ቀስ በቀስም ጨርሶ መምጣት ተዉ።

ሲስተር ዘውድነሽ የታመሙት ከዚህ በኋላ ነው። የስልክ ጥሪ ሲሰሙ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ምግብ አይቀምሱም፤ እንቅልፍም ሸሻቸው። ይትባረክ ከሥራው ቦታ ሲደውል፣ ልጃቸውን የት ነህ፣ ከማን ጋር ነህ ብሎ መጠየቅ አፋቸው ላይ ስለሚደርቅ፣ ያለቅሱ ነበር። በመጨረሻም ስልካቸው ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብረውት ተገኘ። እኛ ቤተሰቦቻቸው ጠበል ወሰድናቸው፤ ደግ አደረግን፤ ለጠያቂ ግን ስኳር ነው አልን፤ ይህ ደግ አልነበረም፤ ምክንያቱም ጠያቂው ሁሉ ያለ ስኳር የሚጠጣ ሻይ እያዘዘላቸው፣ ስለታመሙበት ነገር ግን አንድም ሰው ሳይጠይቃቸው ከረመ። መሥሪያ ቤታቸው በበኩሉ በዚያ ክፉ ዘመን ለፈጸሙት አገልግሎት የምስጋና ወረቀትና አንድ ጃንጥላ ሸልሟቸዋል።

ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት እንድንናገር ያዘዙን ይህንን ነው፤ ሕመማቸው ስኳር አልነበረም፤ የአእምሮ ሕመም ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ልጃቸው ሃኒ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያው ወደ አቶ ቢኒያም ወሰደቻቸው። መድኃኒት ጀመሩ፤ ምን እንደሚሹ ሲጠየቁም፣ ደራ ሄጄ ለቅሶ መድረስ እፈልጋለሁ አሉ። ስንትና ስንት ሰው ሲያረዱ ከርመው፣ ተቀምጠው ያለቀሱበት አንድም ቤት እንደሌለ ያን ጊዜ ገባን። ለቅሶ ቢዘገይም ይደረሳልና፣ አቶ ሰብስቤ ነጠላቸውን አልብሰው ወሰዷቸው።

ወይዘሮ ኡሙሰልማ በሩን ከፍተው ሲያዩዋቸው በመጀመሪያ አላወቋቸውም፤ ፊታቸውን አይተው አያውቁምና። ማንነታቸውን ሲነግሯቸው ግን እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው። ሲስተር ዘውድነሽ፣ “ያን ዕለት የሚይዝዎት ሰው ሳላዘጋጅ፣ በውሸቴ መንገድ ላይ አውጥቼ ጣልኩዎት” ብለው ሲያለቅሱ፣ ወይዘሮ ኡሙሰልማ፣ “ውሸቱስ ገብቶኝ ነበር፤ ቤት መቀመጡን ነው ያልቻልኩት። እኔን አጥሩ ያዘኝ። እርስዎን ማን ያዘዎት?” አሏቸው። ከዚያም ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ለአቶ ኡበይደላ አለቀሱ፤ አቶ ሰብስቤም ለብቻቸው ውጭ ቆመው ቆዩ።

ሲስተር ዘውድነሽ በዚያ ጉዞ ፈጽመው ዳኑ ብንል እሳቸው አይወዱትም፤ መድኃኒታቸውን እስከ መጨረሻው ይወስዱ ነበር፤ ስልክም እንደ ድሮው አላነሱም። ሆኖም ወደ ሥራቸው ተመልሰው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ፣ አንድ ወጣት ሐኪም ወይም ነርስ ለቤተሰብ መርዶ ተናግሮ ሲወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ ጠብቀው፣ ክንዱን ይዘው፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ያስቀምጡት ነበር። ሥራ ይበደላል ያለ አለቃ አልጠፋም፤ እሱንም ሲረበሽ አስቀምጠውታል።

ባለፈው ዓመት በጸናባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸው አቶ ሰብስቤ፣ ልጆቻቸው ይትባረክና ሃኒ፣ ከደራ መጥተው ከቤተሰቡ ጋር የተቀመጡት ወይዘሮ ኡሙሰልማ፣ እንዲሁም በዚያ ዘመን አብረዋቸው ያገለገሉ ባልደረቦቻቸው ሐዘንተኞች ናቸው።

ከባልደረቦቻቸው መካከል እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሌላችሁ እንዳላችሁ ሲስተር ዘውድነሽ ያውቁ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚሰበሰበው ቀብር ላይ ስለሆነ የሚከተለው እዚህ ይነበብ ብለዋል። የአቶ ቢኒያም ክፍል በሆስፒታሉ ከካርድ ክፍሉ ጀርባ፣ ከክትባት መስጫው ቀጥሎ ያለው በር ነው። በሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ማክሰኞና ሐሙስ ክፍት ነው። ሰው ያየኛል ብላችሁ ብትሰጉ፣ እሳቸው ሲገቡ ሁላችንም አይተናቸዋል፤ ብቻችሁን መሄድ የሚከብዳችሁን ደግሞ አቶ ሰብስቤ እስከ በሩ ያደርሷችኋል፤ ቃል አስገብተዋቸዋል።

የብዙ ሰው ሐዘን በአንደበታቸው ያለፈውን የእኒህን እናት ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን፤ እኛንም እርስ በእርስ ያያይዘን። አሜን።