የደብሪቱ ጋራዥ ማህተም

አዳማ፤ ወይዘሮ ደብሪቱ ከሟች ባላቸው በተረከቡት ጋራዥ ውስጥ፣ ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ፍሬገነት ሁለት ወረቀት ይዛ ፊታቸው ቆማለች።

ደብሪቱ፦ አውስትራሊያ ልትሄጂ መሆኑን ለቪዛ ደላላው ነገርሽ፣ ለጓደኞችሽ ነገርሽ፣ የዳቦ ቤቷ ልጅ እንኳ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለችኝ። እኔ ጋ የመጣሽው ማህተሙ መቀነቴ ውስጥ ስለሆነ ነው!

ፍሬገነት፦ እማማ፣ ጉዳዩ መልክ ይያዝ ብዬ እኮ ነው።

ደብሪቱ፦ ለእኔ ሲሆን ነው መልክ የሚይዘው! በይ፣ ወረቀቱ ምን ይላል? ፊደል ባልቆጥር ጆሮ አለኝ።

ፍሬገነት፦ «ፍሬገነት በዚህ ጋራዥ ሁለት ዓመት በመካኒክነት ሠርታለች።»

ደብሪቱ፦ የትኛዋ ፍሬገነት?

ፍሬገነት፦ እማማ!

ደብሪቱ፦ እኔ የማውቃትማ ጓደኞቿ ጋራዡን እንዳያዩባት በወፍጮ ቤቱ በኩል ነበር የምትዞረው። ለመሆኑ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ምን ነበር?

ፍሬገነት፦ ማርኬቲንግ።

ደብሪቱ፦ እሱስ የት ገባ?

ፍሬገነት፦ አውስትራሊያ የጠፋው መካኒክ ነው። እዚያ ሙያውን ተምሬ ብሠራ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የማግኘት ዕድል አለኝ። እንደ ንጉሡ አጎንብሱ ነው።

ደብሪቱ፦ እዚህ በነፃ የተጠየፍሽውን ግራሶ ባሕር ተሻግረሽ፣ ከፍለሽ ልትቀቢ! ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። ያኛው ወረቀትስ?

ፍሬገነት፦ እሱ… ማህተም አያስፈልገውም።

ደብሪቱ፦ አንብቢው!

ፍሬገነት፦ «ትምህርቴን እንደጨረስኩ ወደ አገሬ ተመልሼ የቤተሰቤን ጋራዥ አዘምናለሁ።»

ደብሪቱ፦ ቅድም ስትገቢ «እዚያው ኖሬ እርስዎንም እወስድዎታለሁ» አላልሽኝም?

ፍሬገነት፦ እንደዚህ ካልተጻፈ ቪዛ አይሰጡማ።

ደብሪቱ፦ ቆይ፣ ለመቅረት «እመለሳለሁ» ብሎ መማል ነው?

ፍሬገነት፦ አሠራሩ ነው። ለእርስዎ ግን እንዴት እዋሻለሁ?

ደብሪቱ፦ ውሸቷ ለፈረንጅ፣ እውነቷ ለእኔ ደረሰች! ምነው በተገላበጠልኝ!

ፍሬገነት፦ ይመቱልኛል ወይስ አይመቱልኝም?

ደብሪቱ፦ አያትሽ በዚህ ማህተም አንድ ቀን አልዋሸም።

ፍሬገነት፦ አባባ? አሮጌ ዕቃ ቀለም ቀብተው «ኦሪጅናል ነው» እያሉ ይሸጡ የነበሩት አባባ?

ደብሪቱ፦ ያለ ማህተም ነዋ! ይልቅ መካኒክ ነኝ ካልሽ ያንን ሚኒባስ አስነሺው። …እህ፣ ስሚው። ምኑን ነው ያመመው?

ፍሬገነት፦ ጋሽ ጠንክር ምን አሉ?

ደብሪቱ፦ መካኒኬ እሱማ ፋንቤልት ነው ብሎ ሁለቴ ቀየረ። የጠየቅኩት አንቺን ነው።

ፍሬገነት፦ ፋንቤልት አይደለም። የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ነው፤ አልቋል።

ደብሪቱ፦ …ማን ነገረሽ?

ፍሬገነት፦ ማንም። አልጋዬ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ አይደል? ሃያ ዓመት ሙሉ በሞተር ድምፅ ነው የምነቃው።

ደብሪቱ፦ አጥፊው። እኔም ኩሽኔታው ነው ብዬው ነበር፤ «አሮጊት ስለ ሞተር ምን ታውቃለች» ብሎ ሳቀብኝ።

ፍሬገነት፦ እንግዲያው ይምቱልኛ!

ደብሪቱ፦ «ሁለት ዓመት ሠርታለች» የሚለውን ሰርዢ። «ሃያ ዓመት ሰምታለች» በይና እመታልሻለሁ።

ፍሬገነት፦ ደላላው ይስቅብኛል!

ደብሪቱ፦ ይሳቅ፤ ጥርስ ካለው። ደግሞ ሌላ ወረቀት አምጪ። ያቺን «እመለሳለሁ» የምትለዋን ለእኔም ጻፊልኝ።

ፍሬገነት፦ ውሸት መሆኗን እያወቁ?

ደብሪቱ፦ ውሸት የሆነችው ለእነሱ ነው። እኔን እንደማትዋሺ አሁን በአፍሽ ነግረሽኛል። እኮ፣ ጻፊ!

ፍሬገነት፦ …ይኸው፣ ጻፍኩ። የት ጋ ልፈርም?

ደብሪቱ፦ ፊርማሽን አላነበውም፤ ጣትሽን ግን አውቀዋለሁ። ነይ፣ አውራ ጣትሽን ቀለሙ ላይ ጫኚና እዚህ አትሚልኝ።