የራሳቸው ዳኛ የነበሩት ጋሽ ፋርማሲ

ጋሽ ፋርማሲ ጉንጫቸው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወረፋ ይጠብቃሉ። ሰው እንዲህ የሚጠራቸው መድኃኒት ቤት ስላላቸው ነው። ሕመሙ የጀመራቸው ዛሬ አልነበረም፤ ከገዛ መደርደሪያቸው ማስታገሻ እያነሱ ሲውጡ ሰንብተው፣ ሕመሙ ማስታገሻውን ራሱን አስታግሶት ነው የመጡት።

እንግዳ ተቀባይዋ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ወጣት፣ «ዳኛዋ፣ ሐኪሙ ትንሽ ይዘገያል፤ ይታገሡን» አለቻት። ጋሽ ፋርማሲ «ዳኛ» የሚለውን ሲሰሙ ጥርሳቸውን ረሱት። ሰሞኑን ተከሰዋላ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ጋሽ ፋርማሲ ትናንሽ መድኃኒት ቤቶች ክምችታቸውን የሚቆጣጠሩበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርተው፣ ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት፣ የቻለም እንዲያሻሽለው ለቀቁት። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ተሰባሰቡበትና ፕሮግራሙ አደገ፤ የጋሽ ፋርማሲ ምላስም አብሮ አደገ። በቅርቡ አንዲት ልጅ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ መድኃኒትን የሚጠቁም ክፍል ጽፋ ብትልክ፣ ስህተት አገኙበትና ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ «ይህን የጻፍሽው በእጅሽ ነው በክርንሽ?» ብለው መለሱላት። ልጅቷ «ቅሬታ ላላችሁ» ወደሚለው አድራሻ አቤት አለች። አድራሻው ደግሞ የሳቸው የራሳቸው ነበር። ከፍተው አነበቡና «ቅሬታሽ በጥሞና ተመርምሮ መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኝቷል» ብለው ፈረሙበት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ጠፋች፣ የጀመረችው ሥራ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ሌሎቹም አንድ በአንድ ሾልከው መሄድ ጀመሩ።

ይህን ሁሉ በትሕትና ዘርዝረው ሲያበቁ፣ «እንግዲህ እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት፤ ይፍረዱኝ። ቤቱን የሠራሁት እኔ፤ ማንንም ና ብዬ አላስገደድኩ» አሉ።

«ቅሬታውን የመረመረው ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«የተከሰሰውስ?»

«እሱም እኔው።»

ዳኛዋ ልትስቅ ስትል ጥርሷ ጠዘጠዛት። «እኔ ወንድሜ በሚጫወትበት ግጥሚያ ፊሽካ አልይዝም» አለች።

ጋሽ ፋርማሲ በፊሽካ የሚያስችል ፍርድ ቤት ስለማያውቁ ግራ ተጋቡ። ለካ የእግር ኳስ ዳኛ ኖራለች፤ ጥርሷም የተሸረፈው በኳስ ነው። «እርስዎ» ማለታቸው እዚያው ላይ ተሻረ።

«አንቺ ልጅ፣ ኳስና መድኃኒት ምን አገናኛቸው? የኛ ስህተት ሰው ይገድላል። ሲያጠፉ ላሞካሻቸው?»

ዳኛዋ ከዚህ የባሰ ከተመልካች ስለለመደች ቅር አላላትም። «ስህተቱንማ አይለፉት፣ ጋሼ። ስህተትን ማሳየትና ሰውን ማዋረድ ግን ለየቅል ነው። ደመወዝተኛ ስድብ ቢውጥ ለደመወዙ ብሎ ነው። በጎ ፈቃደኛ ለምኑ ብሎ ይውጠው?»

መልስ ያጣ ሰው ተረት አያጣምና ጋሽ ፋርማሲ «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» አሉ። ቀጥለውም ያኮረፈ ሁሉ እየተነሣ ስማቸውን ቢያጠፋስ ብለው ተከራከሩ። እሷም ሥርዓት የሚያስፈልገው ለዚሁ መሆኑን አስረዳቻቸው። በጎ ፈቃደኞቹ የሚያምኗቸውን ሦስት ሰዎች ይምረጡ፤ አቤቱታው ለነሱ ይድረስ፤ ጉዳዩ የሚነካው ሰው ከፍርዱ ገለል ይበል፤ የከሳሹ ስም አይገለጥ፤ ሁለቱም ወገን ይሰማ። ሜዳ ላይ ቢጫው ከቀዩ እንደሚቀድም፣ እዚያም ምክርና ማስጠንቀቂያ ከእገዳ ይቅደሙ፤ ፍርድ ተጓደለብኝ ያለም ይግባኝ ይበል።

«እኔ በሠራሁት ቤት ሌላ ሰው ሊፈርድብኝ?»

ዳኛዋ ያበጠውን ጉንጫቸውን ትክ ብላ አየችው። «መድኃኒት ሞልቶዎት ራስዎን ሲያክሙ ከርመው አይደል እዚህ የደረሱት?»

ሰው በክርክር ይረታል፤ ጋሽ ፋርማሲ ግን በጉንጫቸው ተረቱ። እውነትም የሌላውን ጥፋት ለማየት የገዛ ዐይን ይበቃል፤ የራስን ለማየት ግን የሰው ዐይን ያስፈልጋል። ተራቸው ደርሶ ሲነሡ ጎንበስ ብለው፣ «እርስዎ እንዳሉት ይሁን» አሏት።

ሦስቱ ሰዎች ተመርጠው ኮሚቴ ሆኑ። የመጀመሪያው ጉዳይ የጋሽ ፋርማሲ ሆነና ሁለቱንም ሰምተው ፈረዱ፦ ሁሉ በሚያየው ገጽ ይቅርታ ይጠይቁ፣ ለአንድ ወር በሰው ሥራ ላይ አስተያየት አይስጡ። የመጀመሪያው ይቅርታቸው «ምንም እንኳ ስህተቱ ያንቺ ቢሆንም» ብሎ ስለሚጀምር ተመለሰባቸው። ሁለተኛው ውስጥ ደግሞ ክርን ተገኘ። ሦስተኛው አለፈ። ልጅቷም ስህተቱን አርማ የጨረሰችውን ሥራ ላከች።

መድኃኒት ቤቶቹ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበውን አስቀድመው መለየት ቻሉ። የሾለኩት ተመለሱ፤ አዲስ የመጣውም ያልገባውን ሳይሸማቀቅ ይጠይቅ ጀመር። ጋሽ ፋርማሲም ከዳኝነቱ ስላረፉ በጊዜ ቤታቸው መግባት ጀመሩ፤ ባለቤታቸው ደንግጠው «ምነው፣ አመመህ?» እስኪሏቸው ድረስ።

ወሩ ባለቀ ማግስት አንድ ጀማሪ መላ ቅጡ የጠፋ ሥራ ላከ። ጋሽ ፋርማሲ ምላሳቸውን ነክሰው፣ የጎደለውን በትዕግሥት አሳይተው ጻፉለት። ጀማሪውም «እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ አንድ ተሳዳቢ ሽማግሌ አለ ብለው አስፈራርተውኝ ነበር፤ እንኳን በእርስዎ እጅ ወደቅሁ» ብሎ መለሰ።

ጋሽ ፋርማሲም፣ «አይዞህ፣ እሱን ሰውዬ ኮሚቴው ይዞታል» ብለው ጻፉለት።