የቲማቲም ሻጯ ግብዓት

ውሃው ልክ ነው እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ፀጉሬ የሽንኩርት መጋዘን ሆኗል፣ እንግዲህ ቻይኝ… ካስኩ ተይዟል? ግድ የለም፣ ይድረቅላት፤ ትልቅ ሰው ይቅደም። እኔን ቲማቲም ሻጯን ምን ያስቸኩለኛል?

ደሞ ንቀሽ እንዳታጥቢኝ፣ ባለድርሻ አካል ነኝ እኮ። ከገበያው ጀርባ ያ በጎ አድራጎት ድርጅት የልጆች ማቆያ ሊከፍት ሲል ምክር የተጠየቅኩ ሴት ነኝ። የእህቴን ጫማ ተውሼ ሄድኩልሽ። ኃላፊያቸው ስትሰማ ደስ ስትል… አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነው። ባሌ እንኳ እንደዚያ ሰምቶኝ አያውቅም። «እናቶች፣ ስንት ሰዓት ይከፈትላችሁ?» አለችን። ተነሥቼ «ጭነት የምናራግፈው ሳይነጋ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ይሁንልን» አልኩ። «ጥሩ ግብዓት ነው» አለች። እኔ ሞኟ ሹመት መስሎኝ ሳምንቱን ሙሉ በሰፈር ስጎርር ከረምኩ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እኛም ሃምሳ ሆነን ጌጥ ነበርን… ያኔ ላነሡን ፎቶ።

ከዚያ ተከፈተ። ሦስት ሰዓት ላይ።

በሦስት ሰዓት እኔ ቲማቲሙን አጋምሼዋለሁ፤ ልጄ ባዶ ሳጥን ውስጥ ተኝታለች። ኃላፊዋ ምን ታድርግ፣ ሠራተኞቿም እንቅልፍ አላቸው። ክፍሉ ግን ሲያምር… አንድ ወንበር አልተጫረ፣ ምንጣፉን ሽንት አልነካው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ማቆያ የት ይገኛል?

አሁን ሊዘጋ ነው አሉ። ለረጂዎቹ «እናቶቹ ፍላጎት የላቸውም» ተብሎ ተነግሯቸዋል። እውነት ነው፤ ፍላጎት ቢኖረኝ እስከ ሦስት ሰዓት ተኝቼ ልጄን ይዤ እመጣ አልነበር? ትናንት የተሸካሚ ጋሪ የልጄን እግር ለጥቂት ሳተው። ነፍሴ ወጥታ ገባች፣ አልደብቅሽም። ድሮ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ነበር። ዘንድሮ መካሪዎቹም እኛ፣ መከራ የሚመክረንም እኛ።

ምን ወደዚያ በዓይንሽ ትጠቅሺኛለሽ? እሷ መሆኗን ስገባ አይቻለሁ። ካስክ ሥር ያለ ሰው ምን ይሰማል… ያለ ካስክም እንደዚያው ነው።

በይ አለቅልቂው። እኔ ክፉ አልመኝላትም፣ ደግ ሰው ናት። ዕድሜዋን ያርዝመው፤ ልጆቿ ይደጉላት፣ ወግ ማዕረግ ይዩላት። አርጅታ አልጋ ላይ ስትውልም አጠገቧ አይጥፉ። ውሃ ስጡኝ፣ አገላብጡኝ ስትላቸው፣ ልክ እሷ እኛን እንደሰማችን ይስሟት።