ኦቦ ዱባለና ጣት የበላው ራውተር

ኦቦ ዱባለ ያን ዕለት ቡራዩ ገበያ የወጡት ለመግዛት አልነበረም፤ ለመገላገል ነው። በማዳበሪያ ጠቅልለው የያዙት ራውተር፣ ያ የእንጨት ጠርዝ እየቀረጸ የሚያስጌጠው ማሽን፣ የልጃቸውን የኦዳን ሁለት ጣቶች በልቷል። ከዚያ ወዲህ ልጁ የአባቱን ወርክሾፕ ደጃፍ አልረገጠም። ሌላ ልጅ ደግሞ የላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን የለፉበት ሙያ ከእሳቸው ጋር ሊቀበር ነው እንግዲህ!

«ይሄን አውሬ ውሰድልኝ!» አሉት ባለሱቁን፣ ባንኮኒው ላይ ዘጭ አድርገውት።

አጠገባቸው ለተማሪዎቿ መሣሪያ የምትመርጥ ፈቲያ የምትባል የሙያ ኮሌጅ መምህርት ቆማ ነበር።

«አካም ጂርቱ ኦቦ?» ስትል ሰላም አለቻቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምን አደረገዎት?»

«እኔንማ ምን ያደርገኛል! ልጄን ነው እንጂ፤ ገና ሲጀምር ሁለት ጣቱን በላው። ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ከዚህ ነገር ራቂ። እኔ በመሮና በመላጊያ ስንቱን በር ሠርቻለሁ፤ ይኸው ጣቶቼ ሙሉ ናቸው። ደንበኛው ነው፣ ጠርዙ ካልተቀረጸልኝ ሞቼ እገኛለሁ እያለ እዚህ ውስጥ የከተተኝ።»

ፈቲያ ማሽኑን አውጥታ አገላበጠችው። ግዙፍ ነው፤ በሁለት እጅ እንኳ የሚከብድ።

«ለጀማሪ ይሄን መረጡለት?»

«ትልቁን ነዋ! ለአንድ ልጄ ትንሹን ልግዛለት?»

ይኸው የእኛ ነገር! ማሽን እንደ ሰንጋ በግዝፈቱ የሚመረጥ ይመስለናል።

«የስለቱ መከላከያስ የት አለ?»

«ስለቱን ጋርዶ አላሳይ ሲል እኔው ፈትቼ ጣልኩት።»

«እንጨቱን በምን ነበር ያሰረው?»

ኦቦ ዱባለ ሳቁባት። «በእግሩ ረግጦ ነዋ! አባቴም እኔም ረግጠን ነው የሠራነው። እንጨቱ ሲንሸራተትበት በግራ እጁ ያዘው።»

«ወደየት በኩል ገፋው?»

«ወደየትስ ቢገፋው?»

ፈቲያ ሽማግሌ ማስቀየም አልፈለገችም፤ ዝም ማለት ደግሞ ሌላ ጣት ማስቆረጥ መሰላት።

«ኦቦ፣ መሮ እርስዎ ካልመቱት አይሄድም። ይሄ ግን በራሱ ይሽከረከራል። ስለቱ በሚዞርበት አቅጣጫ ከገፉት እንጨቱን ነክሶ ከእጅ ያመልጣል፤ ስለዚህ በተቃራኒው ነው የሚገፋው። እንጨቱ ጠረጴዛው ላይ በሞርሳ ተጠብቆ ይታሰራል፣ ሁለቱም እጆች ማሽኑ ላይ ይሆናሉ። በአንዴ በጥልቀት አይቆረጥም፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ ነው። ለጀማሪ ደግሞ እጅ የምትሞላ፣ ፍጥነቷ የሚቀነስላት ትንሿ ትበቃለች። ይሄን ለልጅዎ የነገረው ሰው ነበር?»

«በእኛ ቤት ሙያ በዓይን ነው የሚለመደው» አሉ ኮስተር ብለው። «እኔ አባቴን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። ጥያቄ የሚያበዛ ልጅ እጁ ሰነፍ ነው።»

«እርስዎ የአባትዎን እጅ አይተው ተማሩ። ልጅዎስ የማንን እጅ ይይ? ይሄን ማሽን እርስዎ ይዘውት ያውቃሉ?»

አልያዙትም። ገና ድምፁን ሲሰሙ ፈርተውት ነበር። ፍርሃታቸውን ግን ለልጃቸው አልነገሩም፤ «አንተ ወጣት ነህ፣ ጀምረው» ብለው ወጡ። ከዚያ ደግሞ ማሽኑን ሲረግሙ ከረሙ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይሄ ነው።

«ማሽኑ አይደለም በይኛ» አሉ በመጨረሻ።

«አላወቁም ነበር፣ ኦቦ።»

«አለማወቄንማ አውቅ ነበር። እሱን ነው ያልነገርኩት።»

ባለሱቁ ሊያጽናናቸው ወንበር አቀረበ፤ አልተቀመጡም። «እንግዲያው አስተምሪኝ» አሏት። እሷም ትልቁን በትንሽ አስለውጣ ወደ ኮሌጁ ወሰደቻቸው። ሽበታቸውን ይዘው ከተማሪዎቹ መሃል ቆሙ፤ መነጽር አደረጉ፣ እንጨቱን አሰሩ፣ አቅጣጫውን ጠይቀው ገፉ። በመሮ ቀኑን ሙሉ የሚያደክመው ጠርዝ ለስልሶ ወጣ። መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል ሲባል የሰሙት በልጅነታቸው ነበር። ጊዜ ይተርፋል፣ ሥራው ያምራል፣ የሄደው ደንበኛ ይመለሳል፤ ሰውም ሙሉ አካሉን ይዞ ማታ ቤቱ ይገባል። ይህ ሁሉ ጥቅም የአንድ ከሰዓት ትምህርት ያህል ቅርብ ነበር፤ ኦቦ ዱባለን እንደ እሬት የመረራቸውም ይኸው ቅርበቱ ነው።

ቤት ሲደርሱ ኦዳ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ደጅ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀምጠው ሁሉንም ነገሩት፤ መከላከያውን መፍታታቸውን፣ መፍራታቸውን፣ አለማወቃቸውን።

ልጁ እጁን ከኪሱ አወጣ።

«ያን ዕለት ወደየት እንደምገፋው ልጠይቅዎት መጥቼ ነበር፣ አባባ» አለ። «በሩ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። ከማሽኑ ይልቅ እርስዎን ፈራሁ።»

ኦቦ ዱባለ ተነሥተው ወርክሾፑን ከፈቱና ትንሿን ማሽን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ኦዳ ተከትሏቸው ገባ፤ ማሽኑን ግን አልነካም።

«እርስዎ ይሥሩ» አለ። «እኔ ቆሜ እጠይቃለሁ።»

ኦቦ ዱባለ እያለቀሱ እንጨቱን በሞርሳ አሰሩ።