እጅ ያልገባበት ጆንያ

መርካቶ፣ ሰባተኛ ጋ መንገድ ስሻገር ከጋሼ ባህረዲን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። የእህል በረንዳው ነጋዴ አንድ ላፕቶፕ በብብታቸው ሸጉጠው፣ ሌላ በፌስታል አንጠልጥለው ይጣደፋሉ። የብብቱ የልጃቸው የናኢማ ነው። ናኢማ የሰርግ ቪዲዮ እያቀናበረች የምትተዳደር ልጅ ናት።

«ሳታውቅ ልለውጥላት ነው» አሉኝ ፊታቸው በርቶ። «የእሷ ሁለት ነጥብ አራት ጊጋኸርዝ ነው። የፌስታሉ ሦስት ነጥብ ስድስት። ያውም ያለ ጭማሪ! ባለሱቁ አምኖ ሰጥቶኛል፤ አሁን የእሷን ላስረክበው ነው።»

ያለ ጭማሪ ሲሉ ክው አልኩ። መርካቶ ውስጥ ዘመድ እንኳ ያለ ጭማሪ አይለውጥም። ለምኜ ለምኜ ሙሚና ዘንድ ወሰድኳቸው፤ ኮምፒውተር ተምራ እዚያው ሰፈር ጥገና ቤት የከፈተች የጎረቤታቸው ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ የፌስታሉ እኮ ዘመኑ ያለፈ ነው» አለች ገና ስታየው።

«እላዩ የተለጠፈውን ቁጥር እዪ እንጂ ልጄ። ሦስት ከሁለት ይበልጣል፤ ለዚህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።»

«ይበልጣል። ግን ቁጥሩ ፕሮሰሰሩ፣ ማለት የኮምፒውተሩ አንጎል፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ነው የሚነግርዎት። በአንዱ ምት ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ አይነግርዎትም፤ እሱ እንደ አሠራሩ ይለያያል። እየሮጠ ቁና ቁና ከሚያመላልስና እየተራመደ ኩንታል ከሚያወርድ ተሸካሚ የቱን ይቀጥራሉ?»

«ባለኩንታሉን ነዋ። ግን ፋብሪካ የጻፈውን ልጠራጠር?»

«ጆንያ ላይ ማኛ ጤፍ ተብሎ ቢጻፍስ፣ እጅዎን ሳይከቱ ይገዛሉ?»

ጋሼ እጃቸውን እስከ ታች ከተው ያላዩት ጆንያ መጋዘናቸው እንደማይገባ እህል በረንዳ ሁሉ ያውቃል። እኔን ያበገነኝም ይኸው ነው፤ ለጤፍ እንዲህ የሚጠነቀቁ ሰው ለልጃቸው እንጀራ ተለጣፊ ወረቀት አመኑ።

ሙሚና አንዱን የሰርግ ቪዲዮ በሁለቱም ላይ ጭና እኩል አስጀመረቻቸው። የናኢማው ሻያችንን ሳንጨርስ ጨረሰ። የፌስታሉ ማራገቢያው እየጮኸ ገና ሩቡ ላይ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ጭራሽ ደርቆ ቀረ።

የጋሼ ፊት አመድ መሰለ። «በገዛ እጄ ልጄን ሥራ ላስፈታት ነበር» አሉ። ድንጋጤያቸው እኔም ላይ ተጋባብኝ። «ታዲያ ቁጥሩ ውሸት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ውሸት አይደለም፤ አንድ ዓይነት አሠራር ያላቸውን ለማወዳደር ይጠቅማል። አሠራራቸው ከተለያየ ግን ሊሠሩበት ያሰቡትን ሥራ ሰጥተው ይፈትኗቸው።»

አሮጌውን በዚያኑ ዕለት ለባለሱቁ መለሱ። ዛሬ እህል በረንዳ ውስጥ ኮምፒውተር ሊገዛ የተነሳ ሁሉ ጋሼ ባህረዲን ሳይመክሩት አያልፍም። «ሥራህን ይዘህ ሂድ፤ እዚያው አሠራው። ገንዘብህም አይባክን፣ ጊዜህም አይቃጠል» ይላሉ። እኔን ሲያዩ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ለናኢማ አደራ፣ እንዳትነግርብኝ።»