«ቤተሰብ ነን» ያለው አለቃችን

እስቲ ይህን ስሙኝ። ዲላ ያለው የሶፍትዌር ድርጅታችን ውስጥ ከአዲስ አበባ የተላከው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በየስብሰባው «እኛ ቤተሰብ ነን» ይለናል። ቲሸርታችን ላይ ሳይቀር አጽፎታል። አንድ ጠዋት የባልደረባችን የታሪኩ አባት ጨለለቅቱ ከተማ ውስጥ አረፉ ተባለና ሁላችንም ለለቅሶ ተነሣን። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሥራ አይቆምም! አንድ ተወካይ ይበቃል» አለን።

ደሜ ፈላ። «በእኛ አገር ቤተሰብ ለለቅሶ ተወካይ አይልክም» አልኩት።

«ደንበኛ ሲደውል ታዲያ ማን ያንሣ?»

የቢሮውን ቁልፍ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «ቤተሰብ ለቅሶ ሲሄድ አንድ ሰው ቤት ይጠብቃል። ዛሬ እርስዎ ይጠብቁልን!»