ከልጇ ቦርሳ የተነጠቀ ኪኒን

(ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች መድኃኒት ቤት፤ ወይዘሮ ዘርትሁን እና የባላቸው የእህት ልጅ፣ ፋርማሲስቷ ማስተዋል፣ ባንኮኒ ለይቷቸው ይጨቃጨቃሉ።)

ዘርትሁን፦ አንድ እሽግ ኪኒን አምጪ አልኩ እንጂ ታሪኬን መርምሪልኝ አልኩሽ?

ማስተዋል፦ አልሰጥም አልኩ እኮ እትዬ! ደም ግፊት ያለበት ሰው ይሄን የወሊድ መከላከያ አይወስድም። ያውም አርባን አልፈው።

ዘርትሁን፦ ዕድሜዬን ለመንገደኛው ሁሉ አውጂልኝ! መውለድ አለመውለድ ማን ትዝ አለው? እሑድ የእነ ሽባባው ሕፃን ክርስትና ትነሳለች፤ የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። ኪኒኑ የወር አበባዬን እንዲያቆይልኝ ነው፤ ቢመጣብኝ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ልገተር ነው?

ማስተዋል፦ ሌላ ሰው ይተካዎት።

ዘርትሁን፦ ማን? ጎረቤቴ አስናቀች? ጸሎተ ሃይማኖትን እንኳ ከመሃል በላይ አታውቀው!

ማስተዋል፦ ግፊት ግን የለባትም።

ዘርትሁን፦ እሰይ! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች። ንፍጥሽን የጠረግሁልሽ ልጅ፣ ነጭ ጋውን ደረብሽና አፍ አወጣሽ! የመምህሩ ሚስት ስንት ዓመት ስትውጠው ምን ሆነች? ይኸው ወዝ በወዝ ናት።

ማስተዋል፦ እሷ ወጣት ናት፤ ግፊቷንም እየተለካች ነው የምትወስደው። ወሊዷን አራርቆላታል፣ የወር አበባ ቁርጠቷንም አስታግሶላታል። እርስዎ ላይ ግን ደም ሊያረጋ ይችላል። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ዘርትሁን፦ ወሬኛ! ይኸው ስውጠው ሰንብቼ ምን ሆንኩ?

ማስተዋል፦ ምን አሉ?

ዘርትሁን፦ አልቆብኝ ነው እንጂ አንቺ ደጅ ምን አመጣኝ!

ማስተዋል፦ ማን ሰጠዎት?

ዘርትሁን፦ ከዚያች ከልጄ ቦርሳ አገኘሁት። ባለጌ ብዬ፣ የልብ የልቧን ነግሬ ነጠቅኋት።

ማስተዋል፦ ነጥቀው ራስዎ ዋጡት? ጉድ እኮ ነው! እሷን ያባለገ ኪኒን እርስዎን ሊያጸድቅ ኖሯል?

ዘርትሁን፦ የኔ ለቤተ ክርስቲያን ነው! ኧረ ወንበር አምጪ... ይሄ እግሬ።

ማስተዋል፦ ምን ሆነ ደግሞ?

ዘርትሁን፦ ወለም ብሎኝ ነው። ወጌሻው አሽቶልኛል፤ ዛሬም ልሄድ ነው።

ማስተዋል፦ ወድቀው ነበር?

ዘርትሁን፦ የት ወደቅሁ! ተኝቼ ስነሳ አብጦ አገኘሁት።

ማስተዋል፦ እስቲ ያሳዩኝ... አንዱ ብቻ! ደግሞ ይሞቃል። ሳይወድቁ ምን ወለምታ አለ? እትዬ፣ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ከእንግዲህ ማንም እንዳያሸው!

ዘርትሁን፦ ጀመረች ደግሞ! እሽት የገደለው ሰው አለ?

ማስተዋል፦ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ይገድላል። ትንፋሽዎስ? ሲገቡ ሲያለከልኩ ሰምቻለሁ።

ዘርትሁን፦ ከትናንት ወዲህ ነው። ደረቴንም ወጋ ያደርገኛል። ለአጎትሽ እንዳትነግሪ!

ማስተዋል፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም! ይነሱ፣ ባጃጅ በር ላይ አለ፤ አሁኑኑ ሆስፒታል እንሄዳለን። ኪኒኑንም ከዛሬ ጀምሮ እንዳይነኩት።

ዘርትሁን፦ ቢያስተኙኝስ? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳልገባ ልቀር ነው?

ማስተዋል፦ እዚህ ከቆዩማ መግባትዎ አይቀርም። በሣጥን ሆነው፣ በሰው ትከሻ ግን።

ዘርትሁን፦ ምላስሽ ይቆረጥ!... በይ ደግፊኝ። ለአስናቀችም ደውይላት፤ ለእሑድ ነጠላዋን አጥባ ትጠብቅ።